የመጀመሪያውን ተፋላሚ ሮቦት ለሚሠራ ሰው፦ ሚዛን፣ መሣሪያ፣ አካል፣ ሞተርና ባትሪ እንዴት ይመረጣሉ?

ተፋላሚ ሮቦት ለመሥራት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው ይጀምራል። በቪዲዮ ያየው ተሽከርካሪ ምላጭ ብልጭታ እየረጨ ተጋጣሚውን ወደ ጣሪያ ሲወረውረው ከዓይኑ ስለማይጠፋ፣ ስንት ግራም እንደተፈቀደለት ሳያጣራና ጎማውን የሚያዞረውን ሞተር ሳይመርጥ የሚዞረውን ብረት በወረቀት ላይ መንደፍ ይጀምራል። በምኖርበት በሜሪላንድ ከእህቴ ልጅ ጋር የሠራነው የመጀመሪያ ሮቦትም በዚሁ መንገድ ነው የተጀመረው። መሣሪያውን ለማስተካከል ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሑዳችንን ሰጠን፤ ጎማዎቹን የገጠምናቸው ግን በውድድሩ ዋዜማ ማታ ነበር። በመጀመሪያው ግጥሚያ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የግራውን ጎማ ከሞተሩ ሻፍት ጋር የሚያያይዘው፣ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ ብሎን ላላና ጎማው ተንከባሎ ወጣ። ሮቦቱ በአንድ እግሩ ባለበት ሲዞር ዳኛው እስከ 10 ቆጠረበት። ያ ሁሉ የተደከመበት ምላጭ በዚያች ሰዓት በሙሉ ፍጥነቱ እየዞረ ነበር፤ ማንንም ሳይነካ ተሸነፍን።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሮቦቶች ሠርተናል፤ ምርጫችንን ሁሉ የምንመዝነውም በአንድ ጥያቄ ሆኗል። ይህ ነገር ቢሰበር፣ በሁለት ግጥሚያዎች መካከል ባለው ጊዜ፣ በሚታጠፍ ጠረጴዛ ላይ፣ በያዝነው መፍቻ ልንጠግነው እንችላለን ወይ? እኛ በተገኘንባቸው ውድድሮች ያ ጊዜ 20 ወይም 30 ደቂቃ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማነጻጽረውም በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ለጀማሪ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ወደ ሜዳ መግባትና ብዙ ጊዜ መንዳት ነውና።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። እነዚህ ማሽኖች ሮቦት ይባሉ እንጂ አብዛኞቹ በራሳቸው አያስቡም፤ ሰው ከሜዳው ውጭ ቆሞ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ይነዳቸዋል። ሁለት ሮቦቶች በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ በተከለለ ሣጥን ውስጥ ገብተው፣ እንደየውድድሩ ደንብ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ይፋለማሉ። አንደኛው መንቀሳቀስ ካቃተው ይቆጠርበታል፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ከዘለቁ ዳኞች በደረሰው ጉዳት፣ በማጥቃት ድፍረትና በቁጥጥር ችሎታ ነጥብ ይሰጣሉ።

ሚዛን

ጨዋታው በመድረክ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ማርክ ቶርፕ በሳን ፍራንሲስኮ ፎርት ሜሰን ባዘጋጀው «ሮቦት ዎርስ» ነው። በ1998 ቢቢሲ በብሪታኒያ የቴሌቪዥን ዝግጅት አደረገው፤ በ1999 ደግሞ በአሜሪካ «ባትልቦትስ» ተጀመረ። በቴሌቪዥን የሚታዩት የባትልቦትስ ግዙፎች እስከ 113 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 250 ፓውንድ ይመዝናሉ። እነዚያ የቡድን፣ የጭነት መኪናና የብዙ ሺህ ዶላር ሥራ ናቸው። በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው በእውነት የሚቀርቡት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፦ 150 ግራም፣ 454 ግራም (1 ፓውንድ) እና 1.36 ኪሎ ግራም (3 ፓውንድ)።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት የስም ልዩነት አለ። አሜሪካውያን «ጉንዳን ሚዛን» የሚሉት 454 ግራሙን ሲሆን፣ በብሪታኒያ ግን ይኸው ስም የ150 ግራሙ ነው። ከለንደን የተጫነ ቪዲዮ አይቶ ዕቃ የሚያዝዝ የዋሽንግተን ልጅ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ሦስት እጥፍ በሚለያይ ሚዛን ላይ ተሳስቶ ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ግራሙን መጠየቅ ይበጃል።

ትንሹ ሚዛን ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር ስለሚጠብ የእያንዳንዱ ሽቦ ቦታ አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ብየዳውም የለመደ እጅ ይፈልጋል። ባለ 3 ፓውንዱ ለመሥራት ሰፋ ያለ ቦታ አለው፤ ውድድሩም ሞልቷል። በኮኔቲከት ኖርዋክ ከተማ የሚካሄደው ኤን.ኤች.አር.ኤል. የሚባለው ሊግ 3፣ 12 እና 30 ፓውንድ ክፍሎችን ያወዳድራል። ሆኖም በ3 ፓውንድ ክፍል የሚመጣው ምት ከባድ ስለሆነ አንድ መጥፎ ግጥሚያ ሞተሩን፣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳውንና አካሉን በአንድ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ 454 ግራሙን እመርጣለሁ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በዚያው ሚዛን ውስጥ አካሉና መሣሪያው በ3ዲ ማተሚያ ማሽን፣ ማለትም ፕላስቲክ እያቀለጠ በንብርብር ቅርጽ በሚያወጣ ማሽን፣ ከሚሠራ ፕላስቲክ ብቻ እንዲሆን የሚያስገድደውን ንዑስ ክፍል እመክራለሁ። በዚያ ክፍል የተሰበረው ቁራጭ ማታ እንደገና ይታተማል፤ ወጪው የጥቂት ግራም ፕላስቲክ ነው።

መሣሪያ

መሣሪያዎቹን በሁለት ጎራ ከፍሎ ማየት ይቻላል። አንደኛው ጎራ ጉልበትን በሚዞር አካል ውስጥ አጠራቅሞ በአንድ ምት ያራግፋል፤ ሁለተኛው ተጋጣሚውን ያነሣል፣ ይገፋል፣ ይገለብጣል፣ ግድግዳ ላይ ያጣብቃል።

የሚዞረው ጎራ ለምን እንደሚያስፈራ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 100 ግራም የሚመዝን፣ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ብረት በደቂቃ 12,000 ጊዜ ሲዞር 95 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። ይህ 5 ኪሎ ዱቄት ከ2 ሜትር ጥቂት ዝቅ ካለ ቁመት ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር የተስተካከለ ነው፤ ልዩነቱ ያ ሁሉ በአንዲት የብረት ጫፍ ላይ መሰብሰቡ ነው። የጫፉ ፍጥነት በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ አዘጋጆች የጫፍ ፍጥነትን በውድድር ደንብ ይገድባሉ፤ በባትልቦትስ ገደቡ በሰዓት 250 ማይል፣ ማለትም 402 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው በተቻለ መጠን ማፍጠን ነው» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው፤ እኛም ተሳስተንበታል። ምላጩ የሚመታው ጥርሱ ተጋጣሚው አካል ውስጥ በገባበት ልክ ነው። ሮቦቱ በሴኮንድ 2 ሜትር እየሮጠ ሲጠጋና ምላጩ በሴኮንድ 200 ጊዜ ሲዞር፣ አንዱ ጥርስ አልፎ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ሮቦቱ የሚራመደው፣ ባለ አንድ ጥርስ ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ሁለት ጥርስ ከሆነ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ጥርሱ መግባት አይችልም። ዙሩን ይበልጥ ብናፈጥነው ንክሻው ይበልጥ ይሳሳል፤ ምላጩም ተጋጣሚውን እንደ ሞረድ እየፋቀ ያልፈዋል እንጂ አያነሣውም። የመጀመሪያው ምላጫችን ባለ ሁለት ጥርስ ነበር። በሙከራ ሣጥን ውስጥ በእንጨት ቁራጭ ላይ ስንሞክረው የፀጉር ያህል ስስ መስመሮች ብቻ ይተው ነበር። አንዱን ጥርስ ቆርጠን በሌላው በኩል ሚዛን የሚጠብቅ ድፍን ክብደት ትተን ስንመለስ፣ ያው ሞተር ያንኑ እንጨት ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር አላተመው። በሚዞር መሣሪያ ላይ ከሞተር ኃይል በፊት የጥርስ ቁጥርና የመንዳት ፍጥነት መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

ከሚዞሩት መካከል አግድም የሚዞረው ረጅም ክንድ ስላለው ከሩቅ ይደርሳል፤ ከባድ ብረት ለመሸከምም ይመቻል። የዚህ ዓይነቱ ዝነኛ ምሳሌ በ2016 የባትልቦትስ ሻምፒዮን የሆነው ቶምብስቶን ነው። ጉዳቱ የምቱ መልስ ነው፤ ተጋጣሚውን ወደ ቀኝ የሚወረውረው ጉልበት ራሱን ወደ ግራ ያሽቀነጥረዋል፤ ስለዚህ የገዛ አካሉ ቢያንስ የተጋጣሚውን ያህል መጠንከር አለበት። ሞተሩ፣ ኩሽኔታውና ሻፍቱ ያንን መልስ በየግጥሚያው ይቀበላሉ። ለጀማሪ የማልመክረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲሸነፍ የሚሰበረውን ያህል ሲያሸንፍም ይሰበራል።

ቁም የሚዞረው ከታች ወደ ላይ ስለሚመታ ተጋጣሚውን ያጎነዋል፤ የምቱ መልስ ደግሞ የራሱን ሮቦት ወደ ወለሉ ስለሚጫነው ተረጋግቶ ይቆማል። ሆኖም በፍጥነት የሚዞር ነገር አቅጣጫውን መለወጥ አይወድም። ሮቦቱ በድንገት ወደ ጎን ሲታጠፍ አንዱ ጎማ ከመሬት ይነሣል፤ ነጂው ካልለመደው ራሱን በራሱ ይገለብጣል። ፈውሱ ምላጩን ማሳነስ፣ ሁለቱን ጎማዎች ማራራቅ ወይም ከመታጠፍ በፊት ዙሩን መቀነስ ነው፤ ሦስተኛው ምንም ወጪ የለውም፤ ልምምድ ግን ይጠይቃል።

ድራም የሚባለው የቁም ተሽከርካሪ ወንድም አጭርና ወፍራም ነው። ክንዱ አጭር ስለሆነ ከሩቅ አይደርስም፤ ነገር ግን በሁለት ጎን በኩሽኔታ ተይዞ፣ ቺንጋው ወይም ሞተሩ በውስጡ ተሸሽጎ ስለሚቀመጥ በምት አይጣመምም። ከሚዞሩት ሁሉ ለጥገና የሚመቸው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው ሮቦታችን ድራም ነበር፤ በአንድ ቀን አምስት ግጥሚያ ተጫውቶ የቀየርንለት አንድ ቺንጋና ሁለት ብሎን ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጎራ ስንመጣ፣ ማንሻ ክንድ ያለውን ሮቦት ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ብልጭታ የለውምና። ታሪኩ ግን የሚናቅ አይደለም። በባትልቦትስ የመጀመሪያ ዓመታት ባዮሃዛርድ የተባለው ዝቅ ያለ ማንሻ በከባድ ሚዛን ደጋግሞ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2015 የፍጻሜ ግጥሚያም ባይት ፎርስ በሚይዝና በሚያነሣ ክንድ ያንኑ አስፈሪ ቶምብስቶን አሸንፎታል። እርግጥ ነው፣ ይኸው ባይት ፎርስ በ2018ና በ2019 ሻምፒዮን የሆነው ወደ ቁም ተሽከርካሪ ተለውጦ ነው፤ በዛሬው የከባድ ሚዛን ፉክክር የሚዞረው ጎራ የበላይነት እንዳለው አልክድም። በትንሹ ሚዛንና በጀማሪ እጅ ግን ነገሩ ይለያል። ማንሻ ክንድ በአንድ ሰርቮ ሞተር፣ ማለትም በታዘዘው ማዕዘን ላይ በሚቆም ትንሽ ሞተር ይሠራል፤ በሙሉ ፍጥነት እስኪዞር መጠበቅ የለበትም፤ ሲገለበጥ በዚያው ክንድ ራሱን ያቃናል፤ ነጂውንም መንዳት ያስተምረዋል፤ ምክንያቱም ከተጋጣሚው ሥር ካልገባ ምንም ማድረግ አይችልምና። ሰርቮው ሲመረጥ የውስጥ ጥርሶቹ ከብረት የተሠሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የፕላስቲኩ ጥርስ በመጀመሪያው ጠንካራ ግጭት ይረግፋል።

በጋዝ የሚሠራው ገልባጭ፣ የብሪታኒያው ኬኦስ 2 በሮቦት ዎርስ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሦስተኛና አራተኛ ምዕራፍ ሻምፒዮን የሆነበት ዓይነት፣ ለዓይን ውብ ነው፤ ነገር ግን ጠርሙሱ፣ ቫልቩና ቱቦው በትንሹ ሚዛን ውስጥ ክብደቱን ሁሉ ስለሚበሉት ለጀማሪ አላቀርበውም። ሽብልቅ ብቻ የሆነ፣ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ የሌለው ሮቦት ደግሞ ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም ብዙ ውድድሮች የሚሠራ መሣሪያ ስለሚጠይቁ አስቀድሞ ደንቡን ማንበብ ያሻል። ሽብልቁን ከማንሻ ጋር ማጣመር፣ ማለትም ከፊት ወለሉን እየላሱ የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን ሹካዎች ማድረግ፣ ከሁለቱም የተሻለ ነው። የእኔ ቅደም ተከተል እንግዲህ ይህ ነው፦ ለመጀመሪያው ሹካ ያለው ማንሻ፣ ለሁለተኛው ድራም፣ ከዚያ ቁም ተሽከርካሪ፤ አግድሙ መጠባበቂያ ዕቃና ልምድ ከተጠራቀመ በኋላ ይደርሳል።

አካል

454 ግራም ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ሲከፋፈል ግን ወዲያው ያልቃል። ሁለት ትንንሽ የመንጃ ሞተሮች 20 ግራም፣ ጎማዎቹ 30፣ ባትሪው 45፣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳዎቹና ሬዲዮ ተቀባዩ 30፣ የመሣሪያው ሞተር 30፣ መሣሪያው ራሱ 100 ግራም ቢሆን፣ ለአካሉ፣ ለብሎኑና ለሽቦው የሚቀረው 200 ግራም አይሞላም። ስለዚህ የአካል ምርጫ ከሁሉ በፊት የክብደት ምርጫ ነው። ብረት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.85 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ቲታኒየም 4.4፣ አሉሚኒየም 2.7፣ ፖሊካርቦኔት 1.2፣ ወፍራሙ ፖሊኤትሊን ደግሞ ከ1 ግራም ያነሰ ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ክብደት ስምንት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፖሊኤትሊን መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ፖሊኤትሊን ሲመታ አይሰነጠቅም፤ ይጎደጉዳል፣ ይላጣል፣ ግን ይይዛል። ይህ ቁስ ለሁላችንም እንግዳ አይደለም፤ በየቤቱ ሽንኩርት የሚከተፍበት ነጭ የፕላስቲክ መክተፊያ አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በመጋዝ ይቆረጣል፣ በተራ ድሪል ይበሳል፤ የመጀመሪያ ሮቦታችን ጎኖች ከእሱ የተቆረጡ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም አልተሰበሩም።

ማተሚያ ማሽን ያለው ሰው በሚታተሙ ፕላስቲኮች መካከል መምረጥ አለበት። ፒ.ኤል.ኤ. በቀላሉ ይታተማል፣ ጠንካራም ነው፤ ነገር ግን ሲመታ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ቲ.ፒ.ዩ. እንደ ጫማ ሶል ይለጠጣል፤ ምቱን ውጦ ይመለሳል፤ ሆኖም ሞተር የሚይዝ ቀጥ ያለ ግድግዳ ቢሠሩበት ይወዛወዛል። ናይሎን በሁለቱ መካከል ነው፤ እርጥበት ስለሚጠጣ ግን ከመታተሙ በፊት መድረቅ አለበት። እኛ የደረስንበት መፍትሔ ውስጡን ከጠንካራው፣ የውጭውን ቅርፊት ከሚለጠጠው መሥራት ነው።

የላይኛው ክዳን ላይ የደረሰብንን ልንገራችሁ። ግልጽ የሆነ ፖሊካርቦኔት ቆርጠን ገጠምን፤ ብሎኖቹ እንዳይላሉ ከጎማው ሽንፈት ተምረን በየብሎኑ ላይ ቀዩን የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ ጠብ አደረግን። በማግሥቱ ጠዋት ክዳኑን በመስኮት ብርሃን ስናየው ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰሉ ስንጥቆች ወጥተው ነበር፤ ማንም ሳይነካው። ያ ፈሳሽ ለብረት በብረት ነው የተሠራው፤ ፖሊካርቦኔትን ይበላዋል። በፕላስቲክ ላይ ናይሎን ያለው የማይላላ ዳዶ መጠቀም ትክክል ነው። አክሪሊክ የሚባለውን ሌላውን ግልጽ ፕላስቲክ ደግሞ ለክዳንም ሆነ ለመሞከሪያ ሣጥን ፈጽሞ መጠቀም አይገባም፤ መልኩ ፖሊካርቦኔትን ይምሰል እንጂ እንደ መስተዋት ይረግፋል።

ስለ ብረታ ብረት አጭር ልሁን። ለምላጭ ኤ.አር.500 የተባለው ጠንካራ ብረት ዋጋውም ጥንካሬውም ይመጥናል። አሉሚኒየም የሚገዛ 6061 እና 7075 የሚባሉትን ቁጥሮች ይለይ፤ ሁለተኛው በጥንካሬ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ለመታጠፍና ለብየዳ ግን አይመችም። ቲታኒየምን ጀማሪ ሲቆርጠው የሚያልቀው የመጋዙና የድሪሉ ጥርስ ነው።

ጎማ፣ ሞተርና ባትሪ

ለመንጃ ሁለት ዓይነት ሞተር ቀርቧል። ኤን 20 የሚባለው፣ ከነካምቢዮው 10 ግራም ያህል የሚመዝነው ባለ ብሩሽ ሞተር (ኤሌክትሪኩ ወደሚዞረው ክፍል በሚነካካ ብሩሽ በኩል የሚገባበት) ርካሽ ነው፤ በዝግታም በእርጋታ ይሄዳል፤ ሲበላሽ በሁለት ሽቦ ብየዳ ይቀየራል። በደቂቃ 1,000 ዙር የሚዞረውን ከ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ጋር ብናጣምረው በሴኮንድ 2 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ለትንሽ ሜዳ ይበቃል። ብሩሽ አልባው ሞተር በክብደቱ ልክ እጅግ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፤ ሆኖም ቆሞ ሲነሣ ሊንገጫገጭ ይችላል፤ መቆጣጠሪያ ሰሌዳውም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲነዳ በፕሮግራም መስተካከል አለበት። እኛ ለመሣሪያው ብሩሽ አልባ፣ ለጎማው ባለ ብሩሽ እንጠቀማለን፤ የምንለውጥበት ምክንያት እስካሁን አላገኘንም። የኤን 20 ደካማ ጎኑ ሻፍቱ ነው፤ ጎማው በቀጥታ ሲመታ ይጣመማል። ስለዚህ ጎማው ከአካሉ ግድግዳ ውስጥ ይሸሸግ፤ ካልሆነም ጎማው ከስፖንጅ ዓይነት ለስላሳ ቁስ ይሠራ።

ሁለት ጎማ ወይስ አራት? ሁለት ጎማ ቀላል ነው፤ በፍጥነት ይታጠፋል፤ የዳነውም ክብደት ወደ ሹካው ይሄዳል። አራት ጎማ አንዱ ቢወልቅ በሦስት ይቀጥላል፤ ሲገፋም ወለሉን አጥብቆ ይይዛል። ለመጀመሪያው ሁለቱ ይበቃሉ፤ በየጎማው ብሎን ላይ ግን፣ በብረት ላይ እስከሆነ ድረስ፣ ያ የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ አይቅር።

ባትሪን በተመለከተ ሊፖ የሚባለው ሊቲየም ፖሊመር ቀላልና ኃይለኛ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በእሱ ነው። ባለ 3 ሴሉ መደበኛ ቮልቴጁ 11.1 ሲሆን ሙሉ ሲሞላ 12.6 ይደርሳል። በአንድ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፤ ሲቀመጥ 3.8 አካባቢ መሆን አለበት። ከተበሳ ወይም ከተጣመመ በእሳት ሊቃጠል ይችላል፤ ጭሱም መርዛማ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው አማራጭ በቀላሉ እሳት አይዝም፤ ነገር ግን ሴሉ 3.2 ቮልት ብቻ ስለሆነና ለተመሳሳይ ጉልበት ስለሚከብድ በ454 ግራም ውስጥ ማስገባቱ ያስቸግራል። ለትልቅ ሮቦት፣ ወይም ልጆች በክፍል ውስጥ ለሚሠሩበት ትምህርት ቤት ግን እሱን አስቀድማለሁ። ሊፖን የሚመርጥ ሰው አራት ነገር ያሟላ፦ ሴሎቹን አመጣጥኖ የሚሞላ ቻርጀር፣ እሳት የሚቋቋም ከረጢት፣ አሸዋ ያለበት ባልዲ፣ ሲሞላም አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው። ያበጠ ባትሪ ዳግመኛ አይሞላም። በሮቦቱ ውስጥ ደግሞ ባትሪው ከሁሉም ጎን በለስላሳ ነገር ተጠቅልሎ፣ ከብሎን ጫፍ ርቆ መቀመጥ አለበት።

ስለ ሬዲዮው የሚመረጠው ጥቂት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ማንኛውም ጥሩ መቆጣጠሪያ ይሆናል፤ ዋናው ግንኙነቱ ሲቋረጥ መሣሪያውም ጎማውም ወዲያው መቆማቸው ነው። የውድድር መርማሪዎች ይህንን በዓይናቸው ሳያዩ ሮቦቱን ወደ ሜዳ አያስገቡም። በውጭ በኩል የሚደረስ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሲበራ የሚታይ መብራትና መሣሪያውን አስሮ የሚይዝ ፒንም ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ቦታ ይያዝላቸው፤ በኋላ ቀዳዳ መፈለግ ከባድ ነው።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ወይስ ከባዶ የሚሠራው

በካናዳ ያለው ፊንገርቴክ ቫይፐር የሚባል ባለ 1 ፓውንድ ጥቅል ይሸጣል፤ ሌሎችም አሉ። የጥቅሉ ጥቅም ሞተሩ፣ ጎማውና አካሉ እርስ በርስ እንደሚስማሙ አስቀድሞ መረጋገጡ ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ተገጣጥሞ እሑድ ይነዳል። ከባዶ የሚሠራው ወጪው ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል፤ እኛ ግን የተሳሳቱ ግዢዎቻችንን ስንደምር የመጀመሪያው ሮቦት ከ300 ዶላር በላይ ወስዶብናል። መንዳት የሚፈልግ ጥቅሉን ይግዛ፤ ንድፍ የሚወድና ሲሰበርበት የማያዝን ከባዶ ይጀምር። ከሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ግን እመርጣለሁ፦ የመንጃውን ክፍል ዝግጁ ገዝቶ፣ መሣሪያውንና አካሉን በራስ መሥራት።

በኢትዮጵያ ሆኖ ለሚያስብ አንባቢ ምርጫው በሁለት ነገር ይለወጣል። የመጀመሪያው ባትሪ ነው፤ ሊቲየም በፖስታ ለመላክ ብዙ ገደብ ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ በመንገደኛ እጅ ይመጣል። መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ሆድ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ጫፎቹ ተሸፍነው በእጅ ሻንጣ ይያዛል። የእነዚህ ሮቦቶች ትንንሽ ባትሪዎች ከተለመደው የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በጣም በታች ናቸው፤ ለምሳሌ 450 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባለ 3 ሴል 5 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ሣጥኑ ነው። የሚዞር መሣሪያ ያለ ፖሊካርቦኔት ሣጥን በክፍል ውስጥ ወይም በግቢ ለአንድ ሴኮንድ እንኳ መሞከር የለበትም፤ የተነቀለ ጥርስ ዓይን ለማጥፋት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ሣጥን እስኪሠራ ድረስ በማንሻና በሽብልቅ ብቻ፣ ዙሪያው በጣውላ በታጠረ ወለል ላይ መፋለም ይቻላል፤ ያውም የመንዳት ችሎታን ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ያ ዓይነት ጨዋታ ነው።

እኛ ዘንድሮ ለምንሠራው የመረጥነው 454 ግራም፣ ሁለት ጎማ፣ ኤን 20 ሞተር፣ የመክተፊያ ፕላስቲክ ጎን፣ ሹካ ያለው ማንሻ ነው። የእህቴ ልጅ ጎማዎቹን በመጀመሪያው ሳምንት ገጥሟቸዋል፤ መሣሪያው ገና ሳይሠራ በጋራዡ ወለል ላይ የጫማ ካርቶኖች ደርድሮ በመካከላቸው ሲነዳ ያመሻል።